ወፍ ውሃ ድረስ ይዤው የሄድኩት መርዶ

ወፍ ውሃን የሚያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም፤ እኔም ሥራ ባያደርሰኝ ኖሮ ስሙን ሳልሰማ እኖር ነበር። ቀየት ከምትባል ትንሽ ከተማ ወዲያ፣ የመኪናው መንገድ ካለቀበት በበቅሎ ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ የመንዝ መንደር ነው። ይህን የምጽፈው ተመልሼ ከገባሁ ወር ካለፈኝ በኋላ ነው። የዘገየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ሥራዬ ሕንፃ መንደፍ ነው። ለወፍ ውሃ ልጆች በአሮጌው ትምህርት ቤታቸው ምትክ አራት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት የመንደፉ ሥራ ለቢሯችን ሲመጣ፣ ገንዘቡን የሚሰጠው የውጭ ድርጅት አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ፤ ሕንፃው አካባቢን የማይጎዳ ለመሆኑ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ። ወረቀቱ የሚሰጠው በነጥብ ነው። ፀሐይ ክፍሉን ካሞቀችው ነጥብ አለው፣ የጣሪያው ውሃ ከተጠራቀመ ነጥብ አለው፣ ድንጋዩ ከሩቅ ካልተጫነ ነጥብ አለው። እኔ ደግሞ ነጥብ መልቀም እወዳለሁ፤ ተማሪ ሳለሁም እንደዚሁ ነበርኩ። ግድግዳውን ወፍራም ድንጋይ አደረግሁት፣ መስኮቶቹን ወደ ፀሐይ መለስኳቸው፣ ከቆርቆሮው ሥር ብርድና የዝናብ ጩኸት እንዲከላከል ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር አነጠፍኩ። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ሁሉም ነገር ተበላሸ። የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው መርማሪ ቦታው ድረስ ሁለት ጊዜ መምጣት ነበረበት። በእነዚህ ዓመታት ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ሰውየው አልሄድም አለ። ያለ መርማሪ ወረቀት የለም፣ ያለ ወረቀት ገንዘብ የለም። ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ አጠገብ ወዳለ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ተወሰነ። እኔ ሐሳባቸውን አስቀይራለሁ ብዬ ደብዳቤ ስጽፍና ስለማመጥ ሦስት ወር አለፈ። ለወፍ ውሃ ሰዎች ግን ትንፍሽ አላልኩም። ነገሩ እንደማይሆን ሲለይለት ቢሮው “በደብዳቤ ይገለጽላቸው” አለ፤ እኔ ደግሞ መርዶ በደብዳቤ አይላክም፣ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ይህን ስል ራሴን እንደ ጨዋ ሰው ቆጥሬው ነበር።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ፣ ከአያት ሰፈር የተነሣነው በማለዳ ነው። የሚነዳው ታደለ ነበር፤ የቢሯችን ሾፌር፣ ወሬ የማይሰለቸው፣ ራሱ የደብረ ብርሃን ልጅ። ጃኬቴን ከላይ እስከ ታች አየውና፣

“ኢንጅነር፣ ይችን ለብሰው ነው መንዝ የሚያድሩት?” አለኝ።

አርክቴክት ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ፤ ታደለም፣ ወረዳውም፣ መንደሩም ኢንጅነር ነው የሚሉኝ። ትቼዋለሁ።

ከከተማ ስንወጣ ግራና ቀኙ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ነው። የእኛም ቢሮ ከእነዚህ በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስታወቱ አልፋ ስትጠብሰን ማራገቢያውን እንከፍትና ስለ ኃይል ቁጠባ ስብሰባ እንቀመጣለን። ይህን ለታደለ ስነግረው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሸኖን ሳናልፍ ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ቆምን። ለምን እንደቆመ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ከመኪናው ወርዶ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገባችን ከቆመው አውቶቡስ የወረዱ አንዲት እናት ከቋጠሩት የገብስ ቆሎ በሁለት እጃቸው ዘግነው በመስኮት አቀበሉን። አዲስ አበባ መብራት ይዞኝ ሰው እንዲህ እጁን ቢዘረጋልኝ መስኮቴን ነበር የምዘጋው።

“ወዴት ነው መንገዱ፣ ልጄ?” አሉኝ።

“መንዝ፣ እማማ። ለትምህርት ቤት ጉዳይ።”

“እሰይ። ዕድሜ ይስጥሽ” አሉ።

አልዋሸሁም፤ ግን ምርቃቱን ስቀበል እንደዋሸ ሰው ዓይኔን ሰበርኩ።

ደብረ ብርሃን አሥር ሰዓት ላይ ገባን። የሆቴሉ ግድግዳ ላይ “ሙቅ ውሃ አለ” የሚል ተለጥፏል፤ ከቧንቧው የወረደው ግን አጥንት የሚሰብር ነበር። አስተናጋጇ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችኝና ከኩሽና የፈላ ውሃ በባልዲ ተሸክማ ሁለት ፎቅ ወጣች። ቤቴ ውሃ ሲጠፋ ለሕንፃው አስተዳደር ነው ደውዬ የምጮኸው፤ ተሸክሞልኝ የወጣ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዐቢይ ጾም ስለነበር እራታችን ሽሮና ድንች ሆነ። ትምህርት ቤቱ መዛወሩን የሚገልጸውን የቢሮውን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩትና መልሼ ከተትኩት።

ማክሰኞ

ጣርማ በር ላይ ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያሳይም ነበር። ከዋናው መንገድ ተለይተን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ገለጥ አለና ያ ሜዳ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማይ የሚታየው በሕንፃና በሕንፃ መካከል ነው፤ መንዝ ላይ ሰማዩ እግር ድረስ ይወርዳል። በጎቹ፣ የገብሱ ማሳ፣ የድንጋይ ካቡ ሁሉ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ከነፋሱ ለመሸሸግ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ ይህን አይቼ ነበር ትምህርት ቤቱን ዝቅ አድርጌ የነደፍኩት።

ቀትር ላይ ጎማ ፈነዳ። የበልጉ ዝናብ መሬቱን አርሶት ስለነበር ክሪኩ መኪናውን በማንሣት ፈንታ ራሱ ሰመጠ። ታደለ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ተሳደበ። ከመንገዱ በታች ሲያርሱ የነበሩ ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ። ጎልማሳው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከካቡ አውጥቶ ከክሪኩ ሥር አስገባ፣ ሌላው ጎማውን ያዘ፣ ከሻይ መጠጫ ባልበለጠ ጊዜ ተነሣን።

“ወዴት ናችሁ?” አለኝ ጎልማሳው ጭቃ የነካውን እጁን በሣር ላይ እየጠረገ።

“ወፍ ውሃ።”

“ኧረ! የትምህርት ቤቱ ሰዎች ናችኋ! እኛም በጥር አንድ ቀን ሄደን በደቦ ውለንላቸዋል። ደግ ሥራ ነው፤ ይቅናችሁ።”

ቦታውን መንጥረው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደቦው ለምን እንደነበር ልጠይቀው ይገባኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እኔ የማስበው ነገ ከየትኛው ቃል እንደምጀምር ብቻ ነበር።

ቀየት የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ማረፊያችን ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ አልጋው ከበሩ ጋር የሚጋጭ ክፍል ነበር። ባለቤቲቱ የታደለን ፍርድ ደገሙት፤ ጃኬቴን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ባና ይዘው መጡ። ባና መንዞች ከበጎቻቸው ጠጉር ፈትለው የሚሠሩት ወፍራም ልብስ ነው።

“የማን ነው?” አልኳቸው።

“የኔ ነው። እኔ ከልጄ ጋር እተኛለሁ፤ አንቺ ብቻሽን ነሽ።”

ቤቴ ያለው የአልጋ ልብስ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። የዚህኛው በጉም፣ ፈታይዋም፣ ሸማኔውም በስም ይታወቃሉ። በእኔ ሚዛን ቢለካ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። ሽታውን ቶሎ ለመድኩት፤ ሞቆኝ አደርኩ።

ረቡዕ

መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የወፍ ውሃ ርእሰ መምህር ሰለሞን በቅሎ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። እመጣለሁ የሚል ወረቀት በአውቶቡስ ረዳት ልኬለት ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም አልጻፍኩም። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ስድስት ዓመት እዚያው ያስተማረ ሰው ነው። ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነበር። ታደለ ከመኪናው ጋር ቀረ፤ እኔ በበቅሎ፣ መምህሩ በእግሩ ሆነን ተጓዝን።

“የሚያዩት ነገር አለ” አለኝ።

“ምን?”

“ሲደርሱ።”

በመንገድ ላይ የኮርቻው ማሰሪያ ላላና ከነኮርቻው ቀስ እያልኩ ወደ ጎን ዞሬ የገብስ ቡቃያ ላይ ዐረፍኩ። በቅሎዋ ቆማ ጠበቀችኝ። መምህር ሰለሞን ሳቁን ውጦ ማሰሪያውን አጠበቀ፤ “መሬቱን ለክተውታል ማለት ነው” አለ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ባለፈው ስመጣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ መጀመሪያ የታየኝ የአሮጌው ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ብልጭታ ነበር። አሁን ፈለግሁት፤ የለም። ጉም ይሆናል አልኩ። ጉም ግን አልነበረም።

አሮጌው ትምህርት ቤት የቆመበት ቦታ ጥቁር አፈር ብቻ ሆኗል። ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ አጠገብ፣ ከጽዶቹ ሥር፣ ድንጋዮቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ የማዕዘኑ ለብቻ፣ ፊት የሚሆነው ለብቻ፣ መሙያው ለብቻ። እያንዳንዱ የማዕዘን ድንጋይ በኖራ ቁጥር ተጽፎበታል። ቆርቆሮው ተነባብሮ ድንጋይ ተጭኖበታል። በሮቹ ግንድ ላይ ተጋድመዋል። ጓሳው ሳይቀር ታጭዶ ተከምሯል።

አንድ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መጡ። አያ ደምሴ ናቸው፤ የመንደሩ ሰው ነገሩን ሁሉ የሚያመጣው ወደ እሳቸው ነው፤ ባለፈውም ያደርኩት እሳቸው ቤት ነበር። ሦስት ጊዜ ተሳሳምን።

“ወረቀትሽ ካለው አንድ አላጓደልንም” አሉኝ።

መምህር ሰለሞን በፕላስቲክ ያስለበጠውን ንድፍ አወጣ። ጥግ ላይ በእኔው እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ “የነባሩ ሕንፃ ድንጋይ ተመርጦ ለአዲሱ ግንባታ ይውላል።” ከሥሩ ፊርማዬና የቢሯችን ማህተም። ያን መስመር የጻፍኩት ለአንድ ነጥብ ነው። አሮጌው የሚፈርሰው የአዲሱ የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ቆመው ልጆቹ ከገቡባቸው በኋላ መሆኑን ለእኔ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም።

“መቼ ነው ያፈረሳችሁት?” አልኳቸው።

“ጥምቀት እንዳለፈ ነዋ። ከጥምቀት እስከ በልግ እርሻ ነው ሰው እጁ ባዶ የሚሆነው። ያኔ ካልተሠራ ሰው አይገኝም። ዘጠኝ ቀን ደቦ ወጣን። ድንጋዩ ሳይሰበር አንድ በአንድ ነው የወረደው። እንግዳ መጥታ ‘ድንጋዩ የታለ’ ብትል ባዶ እጃችንን ልንቆም ነው?”

በጥር እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ቃላት የተመረጠላቸው የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች እጽፍ ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ መልእክት ብልክ ኖሮ ያ ቆርቆሮ ዛሬም ከኮረብታው ላይ ይታይ ነበር። የማዕዘን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አያ ደምሴ የበቅሎው ድካም መሰላቸው፤ ውሃ አስመጡልኝ።

ልጆቹ የሚማሩት በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ውስጥ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛና አራተኛ ከሰዓት ይመጣሉ። ነፋሱ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። አስተማሪዋ ሰሌዳውን ነፋስ እንዳይጥለው በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ትጽፋለች። ሴት ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ባለፈው ኅዳር የመማሪያ ክፍል ማሞቂያ ተበላሸ ብለን ወላጆች ፊርማ አሰባስበን ነበር።

“ግማሾቹ ቀርተዋል” አለኝ መምህር ሰለሞን። “ብርዱ ነው። ሲሠራ ይመለሳሉ። መቼ ይጀመራል?”

“ነገ እንነጋገራለን” አልኩት።

የአያ ደምሴ ቤት ገብስና ጭስ ይሸታል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ጾመኛ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ እኔም እንደሳቸው የምጾም መስሏቸው አላስቸገሩኝም። ረሃብ ሲጸናብኝ ከቤቱ ጓሮ ሄጄ ብስኩት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስዞር እትዬ አስካለ ትንሽ ግልገል ታቅፈው ቆመዋል። ብስኩቱ አፌ ውስጥ ነው።

“ምነው ሳትነግሪኝ?” አሉ። “መንገደኛ ጾም የለበትም። ሰው ደጅ ተደብቆ ይበላል?”

እጄን ይዘው አስገቡኝ። በሶ በጠበጡልኝ፣ ቂጣ ቆረሱልኝ፣ ተልባ አቀረቡልኝ። እሳቸው አልቀመሱም፤ እየበላሁ እንዳላፍር ብለው ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ተቀመጡ። ከመቅመሴ በፊት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር።

ሐሙስ

የወሩ ሚካኤል ስለነበር ማንም አላረሰም። ጠዋት ሰዉ ሁሉ ከድንጋዮቹ አጠገብ ተሰበሰበ። የደብሩ ቄስ መምሬ ኃይሌ ጸሎት አደረሱ። አያ ደምሴ ተነሥተው “ልጃችን መጥታለች፤ ሥራው የሚጀመርበትን ቀን እንስማ” ብለው ተቀመጡ።

አላድበሰበስኩም። ትምህርት ቤቱ እዚህ እንደማይሠራ፣ ወደ ሌላ ቦታ እንደተዛወረ፣ ምክንያቱ መንገዱ እንደሆነ፣ የእነሱ ጥፋት እንደሌለበት ነገርኳቸው።

“ውሳኔው መቼ ነው የተሰጠው?” አለ መምህር ሰለሞን።

መዋሸት እችል ነበር። “በታኅሣሥ” አልኩ።

“እኛ ያፈረስነው በጥር ነው።” ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ከፊት የተቀመጠች ሕፃን ያዘለች ሴት “ታዲያ ምነው ሳትነግሪን?” አለች። የሰደበኝ የለም። የተቆጣኝም የለም። ሁሉም መልስ ይጠብቅ ነበር። ያ ጥበቃ በዛብኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው አባቴ ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ አይቻለሁ። አባቴን በድሎት ነበር። በአገራችን በዳይ እንዲህ ይቅርታ ይለምናል። ከማዕዘን ድንጋዮቹ አንዱን፣ የምችለውን፣ አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁና አንገቴን ደፍቼ ፊታቸው ቆምኩ። አስቤበት አይደለም። ከዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ሌላ የምሄድበት አጣሁ።

ሰዉ እንዳለ ብድግ አለ።

“ኧረ በሚካኤል፣ አውርጂ ልጄ” አሉ አያ ደምሴ።

“ይቅር ካላላችሁኝ አላወርድም።”

መምሬ ኃይሌ መስቀላቸውን አወጡ። “ሴት ልጅ ድንጋይ ተሸክማ በሚካኤል ደጅ ቆማ ዝም አይባልም” አሉ። “ይቅር በሉ።”

“ይቅር ለእግዚአብሔር” አሉ አያ ደምሴ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ። መምሬ ኃይሌ ዝም ያሉትን አንድ በአንድ እያዩ ጠበቁ። ሕፃን ያዘለችው ሴት ወደ መጨረሻው አለች። መምህር ሰለሞን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሁለት ሰዎች ድንጋዩን ከጫንቃዬ አወረዱት፤ መስቀል ተሳለምኩ፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ቅዳሴው አልቆ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠበል ጸዲቅ ቀረበ። ዳቦ ቆርሰው አጎረሱኝ፣ ጠላ አስጨመሩልኝ። ሦስት ወር ሙሉ የተቀመጠብኝ ነገር ተነሥቶልኝ እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም። መምህር ሰለሞን ከእኛ ጋር አልበላም።

ዓርብ

እትዬ አስካለ ለመንገድ ቆሎ ቋጠሩልኝ። አያ ደምሴ ሊሸኙኝ በትራቸውን ይዘው ከኋላ ተከተሉ፤ መምህር ሰለሞን በቅሎዋን ይስባል። ኮረብታው ጫፍ ስንደርስ አቆማት።

“ኢንጅነር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት” አለ። “ትናንት ከጠበሉ በኋላ ሽማግሌዎቹን ዞን ሄደን አቤት እንበል ብያቸው ነበር። ማስረጃ አለን። በባለሙያ ወረቀት፣ በማህተም ነው ያፈረስነው፣ ይተካልን ብለን። የጎረቤት ቀበሌ ጤና ኬላው በሥራ ተቋራጭ ጥፋት ሲፈርስበት እንዲህ ብሎ ነው ያስተካው። እኛ ካልተተካልን ከመስከረም ጀምሮ ተማሪዎቹ ከማዶው ትምህርት ቤት ጋር ይጣመራሉ። ማዶ ማለት ይኼን ገደል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ትንንሾቹ አይችሉትም፤ ሴቶቹን ደግሞ የሚልክ የለም።”

“ታዲያ ምን አሉ?”

“አይሆንም አሉ። ይቅር ብለናል አሉ።”

ከበቅሎዋ ወርጄ አያ ደምሴ እስኪደርሱ ጠበቅሁ። “አያ፣ ክሰሱኝ” አልኳቸው። “ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ራሴ እመሰክራለሁ።”

“ልጄ፣ በመስቀል ፊት ይቅር ብለን እንዴት እንከሳለን? እርም እኮ ነው።”

“ይቅር ያላችሁት እኔን ነው። ቢሮውን ክሰሱ።”

“ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። ስምሽን ሳንጠራ ምን ብለን እንከሳለን?”

“እሺ እኔው በራሴ ላይ ልጻፍ።”

በትራቸው ላይ ተደገፉ። “አንቺ በራስሽ ላይ ከጻፍሽ የኛ ይቅርታ ከአፍ ብቻ ነበር ማለት ነው” አሉ። “ቢጨንቅሽ ነው ድንጋዩን ያነሣሽው፤ እናውቃለን። ግን ልጄ፣ ድንጋይ ለተሸከመ ሰው ‘ቆይ ላስብበት’ አይባልም። እኛም አላሰብንበትም።”

“ልጆቹስ?”

“ልጆቹማ የኛው ናቸው። የመኸሩ እህል ሲገባ፣ ሰው እጁ ባዶ ሲሆን፣ እንደምንም የድሮውን እናቆመዋለን። እስከዚያ ምን ይደረግ።” ግንባሬን ሳሙኝ። “በሰላም ግቢ። ምንም በልብሽ አትያዢ፤ እኛም አልያዝን።”

ከዚያ በኋላ የሄድንበትን መንገድ በደንብ አላስታውሰውም። ታደለ ኬላው ክፍት መሆኑን ሲነግረኝ ትዝ ይለኛል። በዚያው ቀን ቤቴ ገባሁ።

በራሴ ላይ የአቤቱታ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሁለት ገጽ ነው፤ ተፈርሞ ተቀምጧል። ብልከው አያ ደምሴን ቃላቸውን ያጠፉ አደርጋቸዋለሁ፤ ባልልከው መስከረም ይመጣል። አለመላኬ እሳቸውን ማክበር ይሁን ራሴን ማዳን ለይቼ አላውቅም። የጠየቅኋቸውን ሰጥተውኛል፤ እኔ ይቅር ተብዬ ቤቴ ገብቻለሁ። የወፍ ውሃ ልጆች ዛሬም ደጀ ሰላም ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል።